እትዬ ዘነበችን ማን አያቸው? ገጸ ባህርይ በገለጻና በምልልስ እንዴት ይፈጠራል

ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ገጹን ሲያሳያችሁ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦ «ታምራት ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ጸጉሩ ከርዳዳ፣ ደግና ትሑት ወጣት ነው። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል።»

ምንም ጥፋት የለበትም። ግን ሁለት ገጽ አልፋችሁ «ታምራት ምን ይመስል ነበር?» ብትባሉ ትዝ አይላችሁም። የተሰጣችሁ የቀበሌ መታወቂያ ነው። ቁመት፣ መልክ፣ ዕድሜ፣ ሥራ። መታወቂያ አንዱን ሰው ከሌላው ለመለየት ይበቃል። አብሮት ለመኖር ግን አይበቃም። ልብ ወለድ ደግሞ ከሰው ጋር ሦስት መቶ ገጽ መኖር ነው።

ደራሲ በወረቀት ላይ ሰው የሚፈጥርበት መንገድ ብዙ ነው። እዚህ ሁለቱን ብቻ ላንሳ፤ ገለጻንና ምልልስን። ስለ ሁለቱም አጥብቄ የምይዘው አንድ ሐሳብ አለኝ። ገለጻ ከሚታየው ሰው ይበልጥ የሚያየውን ሰው ያጋልጣል። ምልልስ ደግሞ ከሚናገሩት ሰዎች ይበልጥ በመሀላቸው ያለውን ነገር ያጋልጣል። ጀማሪ ደራሲ የሚቸገረው ሁለቱን መረጃ ማቀበያ ሲያደርጋቸው ነው።

መጀመሪያ ቅጽሎቹን እንይ። «ደግ»፣ «ትሑት»፣ «ጨካኝ» የሚሉት ቃላት ፍርድ ናቸው። ደራሲው ፈርዶ ከጨረሰ አንባቢው ምን ይሥራ? አንባቢ ማስረጃውን አይቶ ራሱ መፍረድ ይወዳል። ታምራት ደግ ከሆነ ዝናብ ሲጥል አሳዩን። ባጃጁን ያቆማል፤ ወርዶ የኋላውን ላስቲክ ለተሳፋሪዎቹ ያስራል፤ እሱ ግን በስብሶ ወደ መሪው ይመለሳል። «ደግ» የሚለውን ቃል አንባቢው ራሱ ይጨምርበታል። ራሱ የጨመረውን ደግሞ አይረሳም።

ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1886 ለወንድሙ ለአሌክሳንደር በጻፈው ደብዳቤ ስለዚሁ ነገር መክሮታል። አሌክሳንደርም ይጽፍ ነበር። የጨረቃ ሌሊት ለማሳየት ከፈለግህ፣ ይለዋል በአጭሩ፣ በወፍጮ ግድብ ላይ አንድ የጠርሙስ ስባሪ ሲያብለጨልጭና የውሻ ወይም የተኩላ ጥላ ሽው ሲል አሳይ፤ ሌሊቱ ራሱ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ደብዳቤው ግን ይቀጥላል፤ ለሰው ስሜትም ሕጉ ያው ነው ይላል። የገጸ ባህርዩን የልብ ሁኔታ አታውራ፤ ከሚያደርገው ነገር ይታወቅ። ለእኔ ከጨረቃው ይልቅ ይሄኛው ይበልጣል።

አሁን አንዲት ሴት እንፍጠር። ስማቸው እትዬ ዘነበች ይሁን። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል አካባቢ፣ ጀልባዎቹ ዓሣ ከሚያራግፉበት ትንሽ ፈንጠር ብለው ዓሣ ይጠብሳሉ። ሦስት ሰው ያያቸዋል። የመጀመሪያው ከሌላ ከተማ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሊማር የመጣ ልጅ ነው።

«ሴትዮዋ ዓሣውን በጭራው ይዘው ሲገለብጡት ዘይቱ ተረጨ። እሳቸው ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ከኋላቸው ሰው የሚያካክሉ መላጣ አሞራዎች ቆመዋል። ማንም አይፈራቸውም።»

ሁለተኛው ታምራት ነው።

«እትዬ ዘነበች ዛሬ አንድ ምድጃ ብቻ ነው ያቀጣጠሉት። አምባዛ የለም፤ ያለው ቆሮሶ ነው። ያም ትንንሹ።»

ሦስተኛው ደንብ አስከባሪ ነው።

«ምድጃው ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ወጥቷል። ሦስት በርጩማ፣ አንድ ጃንጥላ። ሴትየዋ አይታዋለች። ቀና ሳትል አንዱን በርጩማ በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችው።»

ስለ እትዬ ዘነበች ቁመትና መልክ አንድም ቃል አልተባለም። ሆኖም ሴትየዋን አያችኋቸው። ከእሳቸው በላይ ደግሞ ሦስቱን ሰዎች አወቃችኋቸው። ተማሪው «መላጣ አሞራ» የሚለው ስሙን ስለማያውቅ ነው። የሐዋሳ ልጅ «አባ ኮዳ» ይል ነበር። ይበልጡን ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አያነሳውም፤ በየቀኑ የሚያየውን ማን ልብ ይላል? ታምራት ምድጃ ይቆጥራል። ምድጃ የሚቆጥር ሰው የቤቱ ገቢና ወጪ የሚያሳስበው ሰው ነው። ለምን እንደሚያሳስበው በኋላ እንደርስበታለን። ደንብ አስከባሪው በክንድ ይለካል። ግን ዝም ብሎ ለኪ አይደለም፤ የእግሯን እንቅስቃሴ አይቷል፤ አይቶም አልተናገረም። እዚያች ላይ አንድ አጭር ልብ ወለድ ተቀምጧል።

ስለዚህ ገለጻ ከመጻፋችሁ በፊት የምትመልሱት ጥያቄ «ሰውየው ምን ይመስላል?» የሚለው አይደለም። «ማን ነው የሚያየው? ምን ፈልጎ?» ነው። የተራበ ሰው፣ ባለዕዳ፣ አፍቃሪ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ቆመው ሌላ ሌላ ነገር ያያሉ።

ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ የዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነኝ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ ነው። ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው። «ጉዱ» ያለው አካባቢው ነው፤ የሚናገረውና የሚያስበው ከልማዱ ስለወጣ። በዚያች ቅጽል ውስጥ ከካሣ ይልቅ ስም አውጪዎቹ ጎልተው ይታያሉ፤ ምን እንደሚያስደነግጣቸው፣ ምን እንደ ጉድ እንደሚቆጥሩ። ለገጸ ባህርያችሁ ቅጽል ስም ስታወጡ ይህን አስቡ። ማን ነው ያወጣለት?

የውበት ገለጻን ባጭሩ ልለፈው። ሰልካካ አፍንጫ፣ መቃ አንገት፣ ተረከዘ ሎሚ፣ ጥርሰ በረዶ። ዘፈን ውስጥ ያምራሉ፤ እዚያው ይቆዩ። ልብ ወለድ ውስጥ የሚፈቀዱት የሚያየው ሰው ራሱ ከዘፈን ውጭ ሌላ ቃል የማያውቅ አፍቃሪ ከሆነ ብቻ ነው። ያኔ ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ እሱ መረጃ ይሆናሉ፤ ትንሽም ያስቃሉ።

ይልቅ የማንጠቀምበት ሀብት አለን፤ የግሦቻችን አጃቢዎች። ሰው ቤት ውስጥ «ገባ» ማለት ይቻላል። ግን ሰተት ብሎ የገባ ሰው ቤቱን የራሱ አድርጎታል። ዘው ብሎ የገባ ሳይጠራ፣ ሳያስብ ነው የመጣው። ሹልክ ብሎ የገባ የሚደብቀው ነገር አለው። ጎራ ያለ መንገደኛ ነው፤ አይቆይም። አንድ መስመር ሳይጨመር አራት የተለያዩ ሰዎች በበሩ አለፉ። «በድፍረት ገባ»፣ «በፍርሃት ገባ» እያሉ መጻፍ ያለንን ትቶ መበደር ነው። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ የሚመስል አማርኛ ሲያጋጥማችሁ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው ይሄ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ምርጫ አለ፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው አያመልጠውም። ተራኪው ገጸ ባህርዩን አንቱ ይላል ወይስ አንተ? «እትዬ ዘነበች ተነሱ» ወይስ «ዘነበች ተነሳች»? ከላይ ባሉት ገለጻዎች ተማሪውና ታምራት «አቀጣጠሉት»፣ «አላርገበገቡም» ብለዋል። ደንብ አስከባሪው «ገፋችው» አለ። ሳይሰድብ ዝቅ አደረጋቸው። ተራኪ አንቱ ካለ ርቀት ይፈጠራል፤ ወደ ልባቸው ዘልቆ መግባት ትንሽ ይከብዳል። ዐረፍተ ነገሩም ይደበዝዛል፤ «ተነሱ» ወንድ ይሁኑ ሴት፣ አንድ ይሁኑ ብዙ አይለይም። አንቺ ካለ ደግሞ ቅርበት አለ፤ ግን ስድሳ ዓመት የሞላቸውን እናት «ተነሳች፣ ጮኸች፣ በላች» ማለት ለብዙ አንባቢ ጆሮ ይቆረቁራል። የእኔ ዝንባሌ ግልጽ ነው፤ ታሪኩ በእትዬ ዘነበች ልብ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ አንቺ ይባሉ። ሰው ለራሱ አንቱ አይልምና። በታምራት ዓይን የሚሄድ ከሆነ ግን አንቱ። ያልገባኝ ደራሲ በመሀል የሚቀያይረው ነው፤ ምክንያት ካለው እሺ፣ ብዙዎቹ ግን ስላላስተዋሉት ነው።

ወደ ምልልሱ እንለፍ። የታሪካችን ጓዳ ይህ ነው፤ እትዬ ዘነበች የእቁብ ዕጣቸውን ለታምራት ሰጥተውታል። በዚያ ብር ባጃጅ ገዛ። ከፍሎ አልጨረሰም። አሁን ባጃጇን ሽጦ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ነው። አልነገራቸውም። እሳቸው ሰምተዋል። መጥፎው ምልልስ እንዲህ ይሄዳል።

«ታምራት፣ እንደምታውቀው ከሁለት ዓመት በፊት የእቁብ ዕጣዬን ሰጥቼህ ባጃጅ ገዝተሃል። አሁን ሳትነግረኝ ልትሸጣት መሆኑን ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ዘነበች። ደቡብ አፍሪካ ሄጄ ሕይወቴን ማሻሻል ስለምፈልግ ነው።»

«እንደምታውቀው» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚያወራው ለሰውየው አይደለም፤ ለአንባቢው ነው። ሁለቱም የልባቸውን አውጥተው አስቀመጡት፤ ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ደግሞ እንዲህ ግልጽ የሚነጋገር ሰው የት አለ? ገንዘብ ያበደረ ሰው እንኳ «ገንዘቤን» ከማለቱ በፊት ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል።

ሌላ ሙከራ፦

«ዓሣ አለ እትዬ?»

«መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ቁጭ በል።»

«አልቆይም፤ ተሳፋሪ አቁሜ ነው።»

«ተሳፋሪህ ወርዶ ሄደ።»

ታምራት ዞር ብሎ አየ። ባጃጇ ባዶዋን ቆማለች።

«አሳጠብካት አሉ።»

«አቧራው በዛ እኮ።»

«አዎ። ሰው ሊያያት ሲመጣ በአቧራ አትቀርብም።»

«ማነው ያለው?»

«ብላ። ሲቀዘቅዝ አይሆንም።»

ብር አልተነሳም። እቁብ አልተነሳም። መሸጥ የሚል ቃል የለም። ግን ሁሉም ነገር እዚያ አለ። የመጀመሪያው ነገር፣ ሁለቱም የሚፈልጉት አላቸው። እሱ ቶሎ መሄድ ይፈልጋል፤ እሳቸው ማስቀመጥ። «ቁጭ በል» እና «ብላ» ግብዣ ይመስላሉ፤ ትዕዛዝ ናቸው። ሁለተኛ፣ ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የለም። «ማነው ያለው?» ሲል መልሱ «ብላ» ነው። በሕይወትም እንዲሁ ነን። «እሺ» የሚለው ቃላችን ራሱ አንዳንዴ እምቢ ነው፤ ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ያውቀዋል። ሦስተኛ፣ «አሳጠብካት አሉ» ያሉት ማን እንዳለ አልተነገረም። «አሉ» የሐሜት ግሥ ነው፤ ባለቤት የለውም። ታምራት መላው ሰፈር እንደሚያውቅ የገባው እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ቦታ ሰምና ወርቅን መጥቀስ የተለመደ ነው። እኔ ግን የምልልስ ትምህርት ቤታችን ቅኔ ቤት ሳይሆን አሽሙር ይመስለኛል። ባለቅኔ እንዲደነቅ ይፈልጋል። አሽሟጣጭ የሚፈልገው ያ አንድ ሰው ብቻ እንዲወጋ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ምንም እንዳይሰማ ነው። ጥሩ ምልልስ ይሄን ነው የሚሠራው። ውስጠ ወይራ ሲሆን አንባቢው በሚወጋው ሰው ቦታ ይቀመጣል።

ሰላምታም ላይ አንድ ነገር ልበል። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው። እንዳለ ከተጻፈ ግማሽ ገጽ ይበላል፤ ታሪኩም ቆሞ ይጠብቃል። ቁረጡት። የሚያስፈልገው ሲጎድል ነው። ሁልጊዜ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠይቀው የማይጠግቡት እትዬ ዘነበች ዛሬ በቀጥታ «ቁጭ በል» ካሉ፣ ያ የጎደለው ሰላምታ ከጩኸት ይበልጣል። ለዚህ ግን ሙሉውን ሰላምታ ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ማሳየት ያስፈልጋል።

አጠራርም እንዲሁ። እትዬ ዘነበች ታምራትን ከልጅነቱ ጀምሮ «ታሜ» ነው የሚሉት። አንድ ቀን «አቶ ታምራት፣ ይቀመጡ እንጂ» ቢሉት ምን ይሰማዋል? አክብሮቱ በር ዘጋበት። በአማርኛ አንቱ ማለት ማክበር ብቻ አይደለም፤ ማራቅም ነው። በተገላቢጦሽ ደግሞ እናት ወንድ ልጇን «ነይ የኔ ቆንጆ» ስትለው በአንቺ ውስጥ ፍቅር አለ። ሁለት ጓደኛሞች ከእርስዎ ወደ አንተ የተሻገሩበትን ቅጽበት በትክክል የሚያስቀምጥ ደራሲ «ተቀራረቡ» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም። እትዬ፣ እማማ፣ ማዘር፣ የኔ እናት፤ አራቱም ለአንድ ሴት ይባላሉ። የሚባሉት ግን በአራት የተለያዩ ሰዎች ነው። ደንብ አስከባሪው «ማዘር» ይላል፤ እርግጠኛ ነኝ።

ሐዋሳን የመሰለ ከተማ ላይ ታሪክ የሚያስቀምጥ ሰው የሚገጥመው ሌላ ፈተና ቋንቋ ነው። በአንድ ባጃጅ ውስጥ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና አማርኛ በአንድ ጉዞ ይሰማሉ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው ፊደል አበላሽቶ በመጻፍ ማሳየት ቀላል ነው። እኔ አልወደውም። አንባቢ ይስቃል፤ ሲስቅ ሰውየው ይጠፋል። አንድ የሚደጋግማት ቃል፣ አንድ ከራሱ ቋንቋ ጣል የሚያደርጋት አነጋገር ትበቃለች፤ የቀረው አነጋገሩ ንጹሕ ይሁን። ሰው በራሱ ቋንቋ ሲያስብ ደግሞ ተንተባታቢ አይደለም፤ ሐሳቡን ስትጽፉለት አማርኛው እንደማንም ይፍሰስ። የአራዳ ቃላትም በልክ። ዛሬ ፒያሳ የሚሰሙት ቃላት መጽሐፉ እስኪታተም ሊያረጁ ይችላሉ።

ታምራት ሄደ፣ እትዬ ዘነበች አዘኑ፤ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ምን ይጎድለዋል? እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ካምብሪጅ ላይ በሰጠው ተከታታይ ንግግር ገጸ ባህርያትን ጠፍጣፋና ክብ ብሎ ከፍሏቸዋል። ጠፍጣፋው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ እሱም የራሱ ጥቅም አለው፤ ሁሉም ሰው ክብ ከሆነ ታሪክ መተንፈሻ ያጣል። የክቡ መለኪያ ግን ሁለት ነገር ነው፤ ያስደንቀናል፣ ስንደነቅም እናምነዋለን። አንዱ ብቻ አይበቃም።

እስቲ እትዬ ዘነበችን በዚህ እንለካቸው። ደግ እናት፣ የተካዱ ሴት። እስካሁን ጠፍጣፋ ናቸው። አሁን ይህን ጨምሩ፤ ባጃጇን ሊያይ የመጣውን ገዢ የላኩት ራሳቸው ናቸው። ሰውየው የእህታቸው ልጅ ነው። ብሩ መጀመሪያ በእሳቸው እጅ ያልፋል፤ የእቁቡ ቀሪ ተቀንሶ የተረፈው ለታምራት ይደርሳል። አሁን ወደ ምልልሱ ተመለሱ። «ሰው ሊያያት ሲመጣ» ያሉት ሐሜት ሰምተው አልነበረም። «ማነው ያለው?» ሲባሉ «ብላ» ያሉትም ለማስተዛዘን አልነበረም። ይህ ያስደንቃል። የሚታመነው ግን ቀደም ብለን ስላየናቸው ነው። ተማሪው ዘይት ሲረጭ ዓይናቸውን እንዳላርገበገቡ ነግሮናል። ደንብ አስከባሪው ሳይጠየቁ በርጩማውን ሲገፉ አይቷል። እኚህ ሴት ቀድመው የሚያዩና ሳይናገሩ የሚያስተካክሉ ናቸው። እነዚያ ሁለት ገለጻዎች ባይኖሩ መጨረሻው ማጭበርበር ይሆን ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ መረጃዎች የሚገቡት መጨረሻው ከታወቀ በኋላ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ረቂቅ ላይ ነው። ደራሲው ተመልሶ ይተክላቸዋል። አንባቢ ይህን ማወቅ የለበትም።

ለረቂቃችሁ የሚሆን አንድ መፈተኛ ልስጣችሁና ላብቃ። ከምልልሱ ላይ ስሞቹንና «አለ፣ አለች፣ አሉ» የሚሉትን ሁሉ ሸፍኑና ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ማን እንደተናገረ ከአነጋገሩ ብቻ ካልታወቀ፣ ሁሉም ሰው በእናንተ አፍ እያወራ ነው። ጥገናው «ብሎ አንባረቀ»፣ «ብሎ አጉተመተመ» እያሉ መለጠፍ አይደለም። «አለ» ይበቃል፤ ግሣችን ጾታና አክብሮትን በመጨረሻው ፊደል ይዞ ስለሚመጣ በታምራትና በእትዬ ዘነበች ምልልስ ውስጥ ስም መድገም እንኳ አያስፈልግም። ጥገናው ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ይሄ ሰው አሁን ከዚያኛው ምን ሊያገኝ ነው? መልስ ያጣችሁለትን ዐረፍተ ነገር አውጡት። ብዙ ጊዜ የሚወጣው እናንተ በጣም የወደዳችሁት ነው።